አሥራ አንድ የቁልፍ ቀዳዳ

ሳልቶ፣ ጁላይ 12 ቀን 2009

ውዷ ልጄ ማሪሳ፣

ሳጥኑን ስትከፍቺ ይህ ደብዳቤ ከላይ ነው የሚጠብቅሽ። ከሥሩ ያለውን ለማየት እጅሽ እንደሚቸኩል አውቃለሁ፤ ግን እባክሽ መጀመሪያ ይህን አንብቢ። ስልክ ላይ ከ«ደህና ነሽ?» እና ከ«ደህና ነኝ» በላይ የማይወጣልኝ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ወረቀት ላይ ግን ማንም ስለማያቋርጠኝ ትንሽ ይሻለኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ብርዱ ከወንዙ ተነሥቶ ቀጥታ ጉልበቴ ላይ ነው የሚያርፈው። የብርቱካን ለቀማው ተጀምሯል፤ የጭነት መኪኖቹ ጠዋት ጠዋት በበራችን ሲያልፉ ሰፈሩ በሙሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። የፀጉር አስተካካዩ የዶን ኡሊሰስ ውሻ ሞተበት። ሰውዬው ሦስት ቀን ሱቁን ዘጋ፤ ሚስቱ የሞተች ጊዜ የዘጋው ሁለት ቀን ብቻ ነበር እያሉ ሰዎች ያሙታል። እኔ አላማሁትም። ሐዘን ከሰው እንዴት እንደሚወጣ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ጉዳያችን ልግባ። በሜይ የላክሽልኝን ደብዳቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «አባባ፣ በሴፕቴምበር ላገባ ነው። ስሙ ብራይስ ይባላል፤ ጥሩ ሰው ነው። የእማማ አረንጓዴ ቀሚስ የተሠራበት የቅድ ወረቀት ካለ ላክልኝ። እዚህ ቪጎ የምትሰፋልኝ ሴት አግኝቻለሁ።» አራት መስመር። ወረቀቱን አገላብጬ ጀርባውን አየሁት፤ ባዶ ነው። ሰርጉ በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ አልጻፍሽም። አልወቀስኩሽም። ሰባት ዓመት በየአዲሱ ዓመት አንድ ፖስት ካርድ ሲደርሰው ለኖረ ሰው አራት መስመርም ብዙ ነው።

ያን ቀን ነው ደፍሬ የደወልኩልሽ።

«ወረቀቱ አለ» አልኩሽ። «ግን ሌላ ሰው አይሰፋውም። እኔ እሰፋዋለሁ። ልክሽን ተለክተሽ ላኪልኝ።»

 ከዚያ ሳቅሽ፤ ከእናትሽ ሞት ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ። «አባባ! አንተ እኮ ሱሪ ሰፊ ነህ!»

«ሱሪ ሁለት እግር አለው፤ ቀሚስ አንድ ነው። ግማሽ ሥራ ነው።»

«የሴት ልብስ ከሰፋሁ እጄን ይቁረጠኝ ስትል አልነበር?»

«እጄ አርጅቷል። ቢቆረጥም ብዙ አይጎዳም።»

ሁለተኛ ጊዜ ሳቅሽ ወይስ አልሳቅሽም፣ መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ አልለየሁትም። «እሺ» ብለሽ ዘጋሽ። በአሥረኛው ቀን ልክሽ መጣ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት። ከሥሩ ሌላ ቃል የለም። ቁጥሮቹን ከድሮ ደብተሬ ጋር ሳስተያያቸው ግን በአርባ አምስት ዓመቷ የነበረውን የእናትሽን ልክ አገኘሁት። አንቺ ሠላሳ አምስትሽ ነው፤ በደንብ ትበያለሽ ማለት ነው፤ ደስ አለኝ።

ወረቀቱ አንቺ የምታውቂው ቦታ ነበር፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ባለችው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። የእናትሽ አክስት ሌዎኖር በ1938 ከቦነስ አይረስ ያመጣችው ነው፤ ከእኔም ከእናትሽ ከኢርማም በዕድሜ ይበልጣል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ስዘረጋው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ደግሞ አንድ ፊደል እንኳ አልታተመበትም። የሚናገረው ሁሉ በቀዳዳ ነው፤ ትልቅ ቀዳዳ፣ ትንሽ ቀዳዳ፣ ሦስት ቀዳዳ ጎን ለጎን። እኔ አርባ ዓመት በጠመኔ ቀጥታ ጨርቁ ላይ ስሥል የኖርኩ ሰው፣ ከወረቀት ጋር ተፋጥጬ ቁጭ አልኩ። የሴቶቹን ሥራ «ወረቀት ላይ ወረቀት መለጠፍ» እያልኩ ስቀልድ የኖርኩት እኔ መሆኔን አትርሺ።

ያዳነኝ የእናትሽ እርሳስ ነው። በየጠርዙ ጽፋበታለች። «እዚህ ሁለት ጣት ጨምሪ።» «አንገቱ እንዳይጠብ፣ ሰው ዳንስ ላይ ይተነፍሳል።» ወገቡ ጋ ደግሞ «ከ1983 ጀምሮ ወገብ የለኝም» ብላለች፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ልብሱን ሁለት ጊዜ እንደሰፋችው ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ሳንጋባ፣ በ1966፣ ለክለቡ ዳንስ የሰፋችው ነው። እሱ ሲያልቅ ላንቺ የሕፃን ልብስ አወጣችበት። ሁለተኛውን አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ቀለም ደገመችው። አንቺ የምታስታውሺው ያን ሁለተኛውን ነው። የት እንዳለም እኔና አንቺ እናውቃለን፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የፊቱ ወረቀት ጠርዝ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጽፋለች፤ «ቁልፍ፦ እንደ ዴልሚሮ።» ስሜን ሳየው ፊቴ ሞቀኝ። እንደ ዴልሚሮ ምን? በመጨረሻ «የቁልፍ ቀዳዳውን እንደ ባሌ አጥብቄ፣ አሳምሬ ልስፋ» ማለቷ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሳልቶ ውስጥ የእኔን የቁልፍ ቀዳዳ የሚያክል እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽና፣ እንዲያው ኮራሁ።

ልብስ የሚለካበት ቁመና ስላልነበረኝ ከዶኛ ኔሊዳ ተዋስኩ። ታስታውሻታለሽ፤ ከእኛ ሦስተኛው ቤት፣ የሴት ልብስ ሰፊዋ። አርባ ዓመት «እሳቸው እኮ የሚሰፉት ቧንቧ ነው» እያለች ሱሪዬን ስትዘልፍ የኖረችው ሴት። ያን ራስና እጅ የሌለውን የጨርቅ ገላ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ፣ ወገቡን በአንድ እጄ አቅፌ መንገዱን ሳቋርጥ ዶን ኡሊሰስ ምላጩን እንደያዘ በሩ ላይ ወጣ።

«ዶን ዴልሚሮ! በመጨረሻ አገኙ እንዴ?»

«አገኘሁ።»

«ታዲያ ራሷስ?»

«ራስ ያላትን ሞክሬ ነበር፤ ስትከራከረኝ ኖረች።»

ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተቀባ የነበረው ደንበኛ ሳይቀር ሳቀ። ቤት ገብቼ ሳቆመው ግን ሳቄ ጠፋ። የጨርቁን ገላ በእናትሽ ልክ፣ ማለቴ ባንቺ ልክ፣ ጥጥ እየጠቀጠቅሁ ሳሰፋው፣ ከኋላ ሲታይ እናትሽ ቆማ እቃ የምታጥብ መሰለችኝ። የማቴ ቅጠል መጠጤን ቀድቼ ጀርባዬን ሰጥቻት ጠጣሁ።

መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ሞከርኩት። ዶኛ ኔሊዳ ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ቀሚስ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ የጣቢያ አዛዥ ካፖርት መስሎኝ። ዶን ዴልሚሮ፣ ሴት ደረት እንዳላት ረሱት?»

«ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ሰው ይረሳል።»

«አፍዎን ይያዙና እነዚያን ትንንሽ ቀዳዳዎች ይዩ። እጥፋቱ ከዚህ ይነሣና እዚህ ይሞታል። እንደ ኮት በብረት አይደበደብም፤ እንዲወድቅ ይተዉታል።»

እንዲወድቅ ይተዉታል። ይህን ለመማር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እኔ የማውቀው ጨርቅን ማስገደድ ነው፤ ገበር፣ ድርብ፣ የጋለ ካውያ፣ ቀጥ በል! ለወንድ ልብስ ይሠራል። ለሴት ልጅም ይሠራል ብዬ አስቤ ነበር፤ አንቺን ሳሳድግ።

ጨርቁን ሳልቶ ውስጥ አጣሁት። ቀለሙን ታስታውሺያለሽ፤ ያልበሰለ ብርቱካን፣ ቢጫ ሊሆን ሲያስብ። ከቆርቆሮዋ ሥር የመጀመሪያው ቀሚስ ቁራጭ ነበረች፤ እሷን ለሞንቴቪዴዮ አውቶቡስ ሾፌር ሰጥቼ ላክሁት። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ አመጣ። በሦስተኛው ትክክለኛውን፣ የመጨረሻውን ጥቅል፣ ያለውን ሁሉ ቆርጠው ላኩልኝ። ከዚህ በኋላ ከዚህ ጨርቅ አንድ ጣት እንኳ አይገኝም አሉት።

ማሪሳ፣ ሥራው ሲያምር ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ኮሌታው እንደ ቅጠል ተኛ። እጅጌው ትከሻው ላይ ያለ አንድ መጨማደድ ገባ። የጎን ስፌቱን ዶኛ ኔሊዳ ገልብጣ አይታ ምንም አላለችም፤ እሷ ምንም ካላለች ምስጋና ነው። የቀረኝ የኔ ሙያ ብቻ ነበር፤ የቁልፍ ቀዳዳው። አሥራ አንድ። ከሳልቶ ማንም እንዳያግዘኝ በሩን ዘጋሁ። የበሳሁት በዚያች በትንሿ መብሻዬ፣ የከበብኩት በአረንጓዴ የሐር ክር፣ እያንዳንዱን በሃያ ደቂቃ። ሲያልቅ ቁመናው ላይ አለበስኩትና ዶኛ ኔሊዳን ጠራኋት። እንድትቀና ነበር።

ገባች። መነጽሯን አደረገች። ከላይ እስከ ታች አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ዶን ዴልሚሮ፣ ይሄ ልብስ ለሙሽራዋ ነው ወይስ ለሙሽራው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ቀዳዳውን በግራ በኩል በስተውታል! በወንድ በኩል!»

አየሁት። ልጄ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። የወንድ ልብስ ቀዳዳው በግራ፣ የሴት ልብስ በቀኝ። አርባ ዓመት ኮትና ሸሚዝ የሠራ እጅ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የለመደበት ሄደ። የቁልፍ ቀዳዳ ደግሞ ስፌት አይደለም፤ ተፈትቶ እንደገና አይሰፋም። አንዴ ከተበሳ ተበሳ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያፈርኩት ማፈር! ግን ሽንፈት አልወድምና ተነሣሁ።

«የኢርማም እንዲህ ነበር» አልኳት። እንዲያው አፌ ያመጣልኝን ነው፤ ለመከራከር ያህል።

«እንዲህ አልነበረም ብያለሁ?»

አነጋገሯ ገረመኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን የስድሳ ስድስቱን የዳንስ ፎቶ አውርጄ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። እናትሽ በአረንጓዴው ቀሚስ፣ እኔ አጠገቧ በተዋስኩት ክራቫት። ቁልፎቿን አየሁ። ግራው በቀኙ ላይ ተደርቧል። በወንድ በኩል ነው።

«ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ ይሆናል» አልኩ።

«ጉንጯን ይዩ።»

ማርያም የሳመቻት ምልክት እንደ ሁልጊዜው በግራ ጉንጯ ላይ ነበር። ፎቶው አልተገለበጠም።

ያኔ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ የልብስ ሰፊው የዶን ባልታሳር ተለማማጅ ነበርኩ። ኢርማ ቀሚሱን ጨርሳ፣ ቀዳዳው ብቻ ሲቀራት፣ አንድ እሑድ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። «የወንድ ልብስ ሰፊዎች ቀዳዳ ከሴቶቹ ይበልጣል ይላሉ፤ እስቲ አሳየኝ» አለችኝ። ልጅቷን ላስደንቃት ብዬ አሥራ አንዱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ሰጠኋት። አየችው፤ ያየችበት ጊዜ ትንሽ ረዘም ያለ መሰለኝ። ከዚያ «እንዲህ የሚያምር አላየሁም» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ ደግሞ አመንኩ! አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አምኜ ኖርኩ።

«ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ክለቡ በሙሉ» አለች ዶኛ ኔሊዳ። «እኔ ራሴ አንድ ቀን፣ አንቺ ሴት፣ የፊቱን ጨርቅ ለውጬ ላስተካክልልሽ አልኳት። ተቆጣችኝ። እሱ እንዲሰማ ካደረግሽ ዓይንሽን አላይም አለችኝ።»

«ለምን?»

«እኔም ጠየቅኋት። ምን አለችኝ መሰለዎት? በደንቡ በኩል ቢሆን እጄ ሳላስብ ይቆልፈው ነበር። በዚህ በኩል ግን እጄ ይደናቀፋል፤ በተደናቀፈ ቁጥር እሱን አስበዋለሁ። በየቀኑ አሥራ አንድ ጊዜ።»

ከዚያ ወዲያ ዶኛ ኔሊዳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ልጥድ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ሻይ እንደማልጠጣ እያወቀች። እኔ ወደ ወረቀቱ ሄድኩ። «ቁልፍ፦ እንደ ዴልሚሮ።» እርሳሱ የሰማንያ ሦስቱ ነው፤ ከወገቡ ጽሑፍ ጋር አንድ ነው። ሁለተኛውን ቀሚስ ራሷ ስትሰፋው፣ ቀዳዳውን ራሷ ስትበሳው፣ ትክክለኛውን እያወቀች፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ስህተቴን ደገመችው። እንዳትረሳው ወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሻለሁ።

አሁን ያን የማንነጋገርበትን ነገር ልናገር። እናትሽ የሞተች ቀን ሴቶቹ ምን እናልብሳት ብለው ጠየቁኝ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ አረንጓዴው ተንጠልጥሏል። ላንቺ እንደተናዘዘችልሽ አላውቅም ነበር ብልሽ ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ግን ባዶውን ተንጠልጥሎ ማየት አልቻልኩም፤ አንቺ ለብሰሽው በበሩ ስትገቢ ማየት ደግሞ የባሰ መሰለኝ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለእሷ ብዬ አልነበረም፤ ለራሴ ብዬ ነው። ቀብር ላይ ቀሚሱን ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ አይተሽ «ለእኔ ብላኝ ነበር እኮ» ስትዪኝ በሰው ፊት የመለስኩልሽን ደግሞ አስታውሰዋለሁ። «ሰው ሞቶ ስለ ጨርቅ ታወሪያለሽ?» አልኩሽ። በአራተኛው ወር ባሕር ተሻግረሽ ሄድሽ። ሰው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ነው የሄደችው ይላል፤ ያን ዓመት ግማሹ አገር ሥራ ፍለጋ ሄዷልና ለእኔም ተመቸኝ። እኔ ግን በምን የተነሣ እንደሄድሽ አውቃለሁ።

ደግሞ ይህን ስሚ። ሴቶቹ ሊያለብሷት ገብተው ጥቂት ቆይተው ወጡ። «ዶን ዴልሚሮ፣ ቁልፉ እንቢ አለን» አሉኝ። እኔ ገባሁ። ደንበኛ ፊት ቆሜ ኮት እንደምቆልፈው፣ ከአንገት እስከ ታች አሥራ አንዱንም አንድ ሳልስት ቆለፍኩላት። የሴቶቹን እጅ ያስቸገረው ለምን ለእኔ እንደቀለለኝ ያኔ እንኳ አልጠየቅሁም። ዓይን እያለው የማያይ ሰው አባትሽ ነው።

ማሪሳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀሚሱ ያንቺ ነበር። ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅሁሽም። ይህን ለመጻፍ ሰባት ዓመትና አንድ የተበላሸ ጨርቅ ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ከጥቅሉ የተረፈው ጨርቅ አንድ የግራ ፊት ብቻ ያወጣ ነበር፤ በጭንቅ። ዶኛ ኔሊዳ ወረቀቱን ያዘችልኝ፣ እኔ ቆረጥኩ፤ ሁለታችንም አልተነፈስንም። አሥራ አንድ ቀዳዳ ያለበት አሮጌው ፊት እዚህ ወንበሬ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ልጥለው አልቻልኩም። አዲሱ ገብቶ ልብሱ አልቋል። ከመዝጊያው በቀር። ቀዳዳዎቹን አልበሳሁም፤ ግራውም ቀኙም ደፍን ነው። ጨርቅ ስላለቀ ከእንግዲህ መሳሳት አይቻልም፤ ስለዚህ በየት በኩል እንደሚሆን መምረጥ ያንቺ እንጂ የእኔ አይደለም። ዘንድሮ ሳልጠይቅሽ ምንም አላደርግም።

ቁልፎቹ በትንሿ ከረጢት ውስጥ ናቸው። የስድሳ ስድስቱ ቀሚስ ቁልፎች ናቸው፤ እናትሽ ፈትታ ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። አሥሩ የድሮዎቹ ናቸው። አሥራ አንደኛዋን አንቺ በሁለት ዓመትሽ ዋጥሻት፤ እናትሽ ሁለት ቀን ሙሉ ከፖፖሽ አጠገብ ጠበቀች፣ ከዚያ ተስፋ ቆረጠች። በእሷ ፋንታ ከሰርግ ሸሚዜ አንድ ቆርጬ አስገብቻለሁ። ትንሽ ትነጣለች፤ ከታች አድርጊያት፣ አትታይም።

የጠየቅሽው የቅድ ወረቀት ከሁሉም ሥር፣ በሁለት ካርቶን መካከል አለ። እውነቱን ለመናገር ላስቀረው አስቤ ነበር። እናትሽ በእጇ የጻፈችው ሌላ ነገር የለኝም፤ ከአንድ ቤት አንወጣም ነበርና ደብዳቤ ተጻጽፈን አናውቅም። ግን ላንቺ ያለችውን አንድ ጊዜ ወስጄብሻለሁ፤ ሁለተኛ አልወስድም። ስትዘረጊው ትንፋሽሽን ያዢ።

ያቺ ያገኘሻት ሴት ጥሩ ልብስ ሰፊ ከሆነች ቀዳዳዎቹን በግማሽ ቀን ትጨርሳቸዋለች። የሐር ክሩን አብሬ ልኬያለሁ። በቀኝ በኩል አድርጊልኝ በያት፤ ደንቡ እሱ ነው፣ ያምርብሻል፣ እኔም አልቀየምም። በግራ በኩል ከፈለግሽ ግን አትሰጫት፤ ተሳስተሻል ብላ ትከራከርሻለች። በግራ በኩል መብሳት የሚችል እጅ አንድ ነው የማውቀው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላልና ስለ ሰርጉ የምጠይቅሽ ነገር የለም። ብቻ መልስ ስትልኪ ቃል አታብዢ፤ «በቀኝ» ወይም «በግራ» በይኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ለብራይስ ሰላምታ አቅርቢልኝ። አላውቀውም፤ ግን ጥሩ ሰው ነው ብለሻል፣ አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ሰው የምታመሰግኚ ልጅ አይደለሽም። እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ። ቤታችሁ ሳቅ አይጣ፣ እንጀራችሁ አይነስ። ስህተቱን አርባ ዓመት ብትለብሺለት የማይከብድሽ ሰው ያድርግልሽ። አንቺንም ሳያስተውል የሚኖር ባል አይስጥሽ፤ እናትሽ የታገሠችውን አንቺ እንድትታገሺ አልመኝልሽም።

ዶኛ ኔሊዳ ሳመችሽ። «ደረቱን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት ብለው ይጻፉላት» ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ። ቁመናውን እስካሁን አልመለስኩላትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ዴልሚሮ

ልረሳው ነበር፦ ትናንት ዶን ኡሊሰስ ጢሜን ላጭቶኝ ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ተነሣሁ። አሮጌው ጊዜው አልፎበት ስለነበር ነው። ትንሿን መብሻዬንም ሳልኳት። ሌላ ነገር የለውም፤ ዝገት እንዳይበላት ብዬ ነው።